ሳይቃጠል በቅጠል፦ በቆጥና በጎተራ የተረሱ ጥይቶች

ከጅማ ከተማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የማና ወረዳ ዋና ከተማ የቡ የምትታወቀው በቡናዋ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ቀይ ቡና መልቀሙ፣ አልጋ ላይ ማስጣቱ፣ ማገላበጡና ገበያ ማድረሱ መላውን ቤተሰብ ያሳትፋል። ከቡናው ቀድሞ የሚደርሰው በቆሎ ሲያሸት ደግሞ ሌላ ሥራ ይመጣል፤ ሰብሉን ከአውሬ መጠበቅ። ከደን አጠገብ የሚያርስ አርሶ አደር ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት እንቅልፍ ይነሱታል። ማማ ሠርቶ ያድራል፣ ወንጭፍና ጅራፍ ያዘጋጃል፣ ውሻ ያሳድጋል። ልጆችም ከትምህርት ገበታቸው ቀርተው ጥበቃ የሚውሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በአንዳንድ ቤቶች ከማማውና ከወንጭፉ በተጨማሪ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃው ከጊዜ በኋላ ይሰበራል፣ ይሸጣል ወይም ለመንግሥት ይመለሳል። ጥይቱ ግን በአሮጌ ዝናር፣ በቆርቆሮ ጣሳ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ በቆጡ ላይና በጎተራው ሥር ይቀራል። ባለቤቱ ሲያርፍ የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ ይጠፋል። ቤት ሲፈርስ፣ ጎተራ ሲጸዳ ወይም ቆሻሻ ሲቃጠል ነው የሚገኘው። የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ስለ ጥይት ምንም የማያውቅ ወጣት ወይም ሕፃን ነው።

ከእነዚህ የተረሱ ጥይቶች መካከል የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹት ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ በሰው እጅ ዳግም የተሞሉት ናቸው። እንዲህ ያለውን ጥይት ቤት ውስጥ ለመፍታት መሞከር ዓይንና ጣትን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍላል። ታዲያ ጥይቱ ምንድን ነው? ለምን አደገኛ ሆነ? ያገኘው ሰውስ ምን ማድረግ አለበት?

ጥይቱ ከየት መጣ?

በአገራችን ገጠር የሚገኘው ጥይት የአገሪቱን ታሪክ ተከትሎ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብዛት ከገቡት ጠመንጃዎች አንዱ ሕዝቡ ውጅግራ ብሎ የሰየመው ነው። ስሙ የተወሰደው በ1874 እ.ኤ.አ. ከተሠራው የፈረንሳይ ‹ፉዚል ግራ› ሲሆን፣ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ጥይት ውድ ስለነበር በብዙ አካባቢዎች ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያነት ያገለግል ነበር። ባዶ ቀለሃም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ እየተሞላ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውል ነበር። በእጅ የተሞላ ጥይት በአገራችን እንግዳ ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጥተዋል። ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት ጊዜ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰው የጣሊያን ጠመንጃ በምርኮም በግዢም ወደ ሕዝቡ እጅ ገባ። የጣሊያን ጦር ጅማን ያጣው በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የተበተነ የጦር ጦስ በየቦታው ቀርቶ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ጥበቃ ጓዶች ታጠቁ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ ክላሽንኮቭና ጥይቱ በየመንደሩ ተሠራጨ። ዛሬ በአንድ ጣሳ ውስጥ የአራት ዘመን ጥይት ተቀላቅሎ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

በእጅ የተሞላው ለምን ይለያል?

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። ናስ ወይም ብረት የሆነው ቀለሃ፣ ከቀለሃው ግርጌ የሚገኘው ሲመታ እሳት የሚሰጥ ትንሽ መለኮሻ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከፊት የተሰካው አረር ናቸው። ፋብሪካ የሞላው ጥይት ግርጌው ላይ በተቀረጸው ቁጥርና ምልክት የት፣ መቼና ለምን ዓይነት ጠመንጃ እንደተሠራ ይናገራል። ባለሙያው ያንን አይቶ ውስጡ ምን እንዳለ መገመት ይችላል።

በእጅ ዳግም የተሞላው ጥይት ግን ይዋሻል። ግርጌው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ቀለሃው እንጂ በኋላ ስለተሞላው ባሩድ አይናገርም። የሞላው ሰው ከየት ባገኘው ባሩድ፣ በምን ያህል መጠንና መቼ እንደሞላው የጻፈው ነገር የለም። ምናልባት ጥቁር ባሩድ ነው፤ ምናልባትም ከሌላ ጥይት የተራገፈ ጭስ የሌለው ባሩድ ነው። ሁለቱ በዓይን ቢመሳሰሉም በጠባይ ይለያያሉ። ጥቁር ባሩድ ከጨው ጴጥሮስ፣ ከድኝና ከከሰል የሚዘጋጅ ሲሆን በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል። ጭስ የሌለው ባሩድ ደግሞ በተመሳሳይ ቦታ ውስጥ በጣም የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። ለጥቁር ባሩድ ተብሎ በተሠራ እንደ ውጅግራ ባለ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ጭስ የሌለው ባሩድ የተሞላበት ጥይት ቢተኮስ፣ የጠመንጃው ጎሬ ሊፈነዳና የተኳሹን ፊትና እጅ ሊወስድ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ማን እንደሞላው የማይታወቅ ጥይት ‹ለክፉ ቀን› ተብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ዝንጀሮ ለማባረር የተተኮሰ እንዲህ ያለ ጥይት ከዝንጀሮው ይልቅ ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል።

እርጥበትና የምድጃ ሙቀት

ጅማና አካባቢው በዓመት እስከ 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚያገኝ እርጥበታማ ሥፍራ ነው። ለቡና የተስማማው አየር ለጥይት አይስማማም። ናሱ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ አንገቱ ይሰነጠቃል፣ አረሩ ይላላል። ነዋሪው ዕቃው እንዳይበሰብስ ሲል ቆጥ ላይ፣ ከምድጃው በላይ ሲያስቀምጠው ደግሞ ችግሩ በሌላ መንገድ ይመጣል።

ጭስ የሌለው ባሩድ ከጊዜ ብዛት በራሱ የሚፈርስ ነው። ፋብሪካው መፍረሱን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ይጨምርበታል፤ ንጥረ ነገሩ ግን ከዓመታት በኋላ ያልቃል። ሙቀት ሲኖር በፍጥነት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባሩዱ አሲድ ያመነጫል፣ ቀለሃውን ከውስጥ ይበላል፣ አንዳንዴም በራሱ ይሞቃል። የሚጎረብጥ የኮምጣጤ ዓይነት ሽታ፣ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላ ብናኝ፣ በቀለሃው አንገትና ግርጌ ዙሪያ የሚታይ አረንጓዴ ዝገት የመበላሸት ምልክቶች ናቸው።

ጥቁር ባሩድ በበኩሉ ደረቅ ሆኖ ከቆየ መቶ ዓመት እንኳ አልፎት ኃይሉን አያጣም። ስለዚህ ‹አርጅቷል፣ ሞቷል› የሚለው ግምት አያስተማምንም። ጥይት ያረጃል እንጂ አይሞትም።

የተለመዱ የተሳሳቱ መፍትሔዎች

ጥይት ያገኘ ሰው የሚያስባቸው መፍትሔዎች ብዙዎቹ አደገኛ ናቸው።

የመጀመሪያው በጉጠት መንቀል ወይም በመዶሻ መምታት ነው። አረሩ ሲወዛወዝና ቀለሃው ሲጨመቅ ግርጌው ላይ ያለው መለኮሻ ሊመታ ይችላል። ከጠመንጃ ውጭ የሚፈነዳ ጥይት ቀለሃው ተሰባብሮ ይበተናል፤ ስስ የናስ ቁርጥራጩ ከሁሉም በፊት የሚያገኘው ጎንበስ ብሎ የሚመለከተውን ሰው ዓይን ነው። ከወታደራዊ ጥይቶች መካከል ጫፋቸው ቀለም የተቀባ፣ አረራቸው ራሱ እሳት ወይም ተቀጣጣይ ነገር የያዘ አሉ። እነዚህን መምታት ይበልጥ አስጊ ነው።

ሁለተኛው ማቃጠል ነው። በተለይ በጥርና በየካቲት ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚቆረጠው ቅርንጫፍና የግቢ ቆሻሻ አብሮ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ከቆሻሻው መካከል የተረሳ ጥይት ካለ እሳቱ ዳር የተቀመጡ ልጆች አደጋ ላይ ናቸው። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ እሳት ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰው ምላጩን እንደሳበው ሆኖ ይተኩሳል።

ሦስተኛው መቅበር ወይም መጸዳጃ ጉድጓድና ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። የተቀበረው በማረሻ ወይም በዶማ ተመልሶ ይወጣል። እርሳሱም በአፈርና በውኃ ውስጥ ይቀራል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። አረሩን በቤት ምጣድ አቅልጦ ለሌላ አገልግሎት ማዋልም ያው ጉዳት አለው።

አራተኛው ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ብዙ ሰው ‹ከረጠበ በኋላ አይሠራም› ብሎ ያምናል። ነገር ግን በደንብ የተዘጋ ጥይት ውስጡ ላይረጥብ ይችላል፤ የረጠበውም ሲደርቅ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ተዘፍዝፎ የወጣ ጥይት ይባስ ብሎ ያዘናጋል፤ ሰው እንደ ሙት ቆጥሮ ለሕፃን መጫወቻ ይሰጠዋል።

አምስተኛው ለቆራሌው መሸጥ ነው። ናስ ዋጋ ስላለው ጥይትና ቀለሃ ከተሰበረ ድስትና ከአሮጌ ቧንቧ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። አደጋው በዚህ ከአንዱ ግቢ ወጥቶ ወደ ሌላው፣ በመጨረሻም ወደ ብረት ማቅለጫው እሳት ይሸጋገራል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከጦርነት በኋላ የተረፉ ፈንጂዎችና ጥይቶች በእረኞችና ብረት በሚለቅሙ ሰዎች ላይ ያደረሱት ጉዳት ለዚህ በቂ ማስተማሪያ ነው።

በባለሙያ እጅ እንዴት ይፈታል?

ጥይትን በእጅ መሙላት በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የሚሞላው ሰው በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ የባሩዱን ዓይነት፣ ክብደቱንና ቀኑን ይጽፋል። ጽሑፍ የሌለው ወይም የሌላ ሰው ሥራ የሆነ ጥይት አይተኮስም። ሲፈታም ለዚሁ ብቻ በተሠራ መሣሪያ ነው። አንደኛው መሣሪያ ቀለሃውን ከግርጌው ይዞ አረሩ በራሱ ክብደት እንዲወጣ የሚያደርግ ነው። ሌላው አረሩን ጨብጦ ቀስ እያለ የሚስብ ነው። ባለሙያው የዓይን መከላከያ ያደርጋል፣ አንድ በአንድ ይፈታል፣ አጠገቡ እሳትም ሲጋራም አይኖርም። የወጣውን ባሩድ ምንነቱን ስለማያውቅ ዳግም አይጠቀምበትም። መለኮሻውን ደግሞ ሕያው ሆኖ ሳለ ወግቶ አያወጣም። ጫፉ ቀለም የተቀባውን፣ የዛገውንና የተጣመመውን ጨርሶ አይነካም፤ ለፖሊስ ወይም ለጦር መሐንዲሶች ያስረክባል።

ብዛት ያለው ጥይት በመንግሥት ደረጃ ሲወገድ ሥራው የሚከናወነው ፍንጣሪ በማያሳልፍ የብረት ምድጃ ወይም ከሰው በራቀ ሥፍራ በፈንጂ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ጎረቤት ኬንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ከሕገ ወጥ ይዞታ የተሰበሰቡ 5 ሺህ 250 የጦር መሣሪያዎችን በይፋ ማቃጠሏ የሚታወስ ነው። ኢትዮጵያም ሆነች ኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ የተፈረመው የቀላል የጦር መሣሪያዎች ቁጥጥር ስምምነት ፈራሚዎች ናቸው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያው፣ መዝገቡና ሥልጠናው ያላቸው ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ጉጠትና ድንጋይ ብቻ ያለው ሰው መሞከር የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጓል። ቁጥጥሩ በፖሊስ መዋቅር በኩል የሚከናወን ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ማከማቸት፣ ማዘዋወርና መሸጥ በወንጀል ያስጠይቃል። ሰብል የሚያጠፋ አውሬን በተመለከተም ጠመንጃ ያለው ሁሉ እንደፈለገ አይተኩስም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ የሚመራ አድርጎታል። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተመካክሮ በቡድን መጠበቅ፣ በማሳው ዳር አውሬ የማይወደውን ሰብል መትከልና ማማዎችን በቅብብል ማደራጀት ከጥይቱ ይልቅ አስተማማኝ መንገዶች ናቸው።

ይሁንና የሕጉ ጥብቅነት አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ያመጣል። አባቱ ሲሞት ቆጥ ላይ አንድ ጣሳ ጥይት ያገኘ ልጅ የመጀመሪያ ሐሳቡ ‹ብናገር እታሰራለሁ› የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ ፍርሃት ካለ ጥይቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ ወደ ወንዝ፣ ወደ እሳት ወይም ወደ ቆራሌው ጆንያ ይሄዳል። ሕጉ የታሰበለትን ደኅንነት የሚያስገኘው በፈቃዱ የሚያስረክብ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ አስቀድሞ በግልጽ ሲነገረው ነው።

ከአርሶ አደሩ የሚጠበቀው

ጥይት ያገኘ ሰው አይምታው፣ አይፍታው፣ አያሙቀው፣ በኪሱም አይያዘው። ልጆችን ያርቅ፤ የተገኘበትን ቦታ ምልክት ያድርግበት። የተገኘው ጥይት ብቻ ከሆነና ቦታው ደረቅና ከእሳት የራቀ ከሆነ ባለበት ይተወው። እንደ ቦምብ፣ ሞርታር ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ከሆነ ግን ጨርሶ ሳይነካው ርቆ ይቁም። ከዚያም የቀበሌውን አስተዳደር ወይም የቅርቡን ፖሊስ ይጥራ። ጥይቱን በጆንያ ቋጥሮ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሮ የቡ ወይም ጅማ ድረስ መውሰድ ሌላ አደጋ ነው፤ በመንገድ ላይ ቢገኝበትም ማስረዳት ይከብደዋል። ስለዚህ ፖሊስ ወደ ጥይቱ ይምጣ እንጂ ጥይቱ ወደ ፖሊስ አይጓዝ።

ሽማግሌ ያለበት ቤተሰብ ሌላ አንድ ነገር ያድርግ። አባት ወይም አያት በሕይወት ሳሉ የቆየ መሣሪያ ወይም ጥይት የት እንዳለ በጨዋ ደንብ ይጠየቁ። ከሞቱ በኋላ ጎተራ ከመበርበር ይልቅ በሕይወት ሳሉ አብሮ ማስረከብ ይቀላል፤ ለሽማግሌውም ክብር ነው።

ከወረዳና ከቀበሌ የሚጠበቀው

የግብርናው ዘርፍ ተመሳሳይ ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቷል። በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ኬሚካል በየግቢው እንዳይቃጠልና እንዳይቀበር ተመዝግቦ፣ በአግባቡ ታሽጎ፣ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ወደ ፊንላንድ ተጓጉዞ እንዲወገድ ተደርጓል። ትምህርቱ አንድ ነው፤ አደገኛ ነገር የሚወገደው በመዝገብና በባለሙያ እንጂ በየቤቱ አይደለም።

በዚህ መሠረት ወረዳዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አንደኛ፣ ከፖሊስና ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተነጋግሮ በፈቃዳቸው የሚያስረክቡ ሰዎች እንዴት እንደሚስተናገዱ በጽሑፍ መወሰንና ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የመረከቢያ ቀናትን ቡና ለቀማ ከመጀመሩ በፊት ማውጣት ተገቢ ነው፤ በለቀማ ወቅት የሚመጣ ሰው አይገኝም። ሦስተኛ፣ የተረከቡት ጥይት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ማደር የለበትም። ከሰው፣ ከነዳጅና ከኬሚካል በተለየ ደረቅ ቦታ ተቆልፎ፣ ብዛቱና የተገኘበት ቦታ ተመዝግቦ፣ በአጭር ጊዜ ወደ ዞን ፖሊስ ሊላክ ይገባል። በእጅ የተሞላ የሚመስለው፣ የዛገውና ቀለም ያለበት ከሌላው ተለይቶ ይያዝ።

አራተኛ፣ መልእክቱ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ይነገር። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን፣ በአፎሻና በዕድር፣ በቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ጥቂት ደቂቃ መናገር ይበቃል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ኬሚካል አያያዝ በሚያስተምሩበት ጊዜ ስለ ጥይትም ጨምረው ቢናገሩ መልእክቱ በእያንዳንዱ ግቢ ይደርሳል። በትምህርት ቤቶች ደግሞ ለሕፃናት የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ‹አትንካ፣ ራቅ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር›። አምስተኛ፣ ቆራሌ ገዢዎች ጥይትና ያልታወቀ ብረት እንዳይቀበሉና ሲያዩ እንዲያሳውቁ ማድረግ ይገባል።

የሰብል ጥበቃው ጥያቄም አብሮ መመለስ አለበት። አርሶ አደሩ ጥይት የሚያስቀምጠው አውሬው ስለሚመጣበት ነው። የጥበቃ ቡድን ያልተደራጀበት፣ ለልጆቹ ትምህርት የሚያስብ ያልተገኘበት ቀበሌ ‹ጥይትህን አስረክብ› ብቻ ቢል ግማሽ ሥራ ነው።

መጪው የበቆሎ እሸት ወቅት ሳይደርስ፣ ጎተራው ለአዲስ እህል ከመጽዳቱና የተጎነደለው ቡና ከመቃጠሉ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቆጡንና የግድግዳውን ጥግ ይመልከት። ያገኘውን ሳይነካ ይጥራ፤ የተጠራውም በጊዜ ይድረስ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።